«ባደረባቸው ሕመም» የማይባልላቸው የወይዘሮ አፀደ ዓምሃ ዜና ሕይወት

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ የዕድራችን አባላት፣ ከቀጨኔ፣ ከሽሮ ሜዳና ከዊንጌት የመጣችሁ ጎረቤቶችና ወዳጆች፣ የወይዘሮ አፀደን የሕይወት ታሪክ እንዳነብላችሁ ቤተ ዘመድ የመረጠው እኔን፣ የአባታቸውን ታናሽ ወንድም ነው። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል ያላለፈ በመሆኑ የሳይንሱን ነገር እንዳላዛባ ፈርቼ፣ የጻፍሁትን ከሥራ ባልደረቦቻቸው ለአንዱ አሳይቼ አሳርሜአለሁ፤ ከዚያ ያለፈ ስሕተት ቢገኝ የእኔ እንጂ የእሳቸው አይደለም። በንባቤ መካከል ቃሌ የሚከርባችሁ ቦታ ይኖራል። ለስለስ አድርጌ ልጽፈው ብሞክርም፣ ሳነበው እውነቱን የሸሸ ሆኖ ስላገኘሁት ቀድጄዋለሁ።

ወይዘሮ አፀደ ዓምሃ ከአባታቸው ከአቶ ዓምሃና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሻሽወርቅ በመጋቢት ወር 1972 ዓ.ም. በጉለሌ፣ ከቀጨኔ መድኃኔዓለም በታች ባለው የወላጆቻቸው ቤት ተወለዱ። አባታቸው ሽሮ ሜዳ ጋቢና ነጠላ የሚሸጡ ነጋዴ ነበሩ፤ እናታቸው ደግሞ ሸማኔ ሠርቶ ያስረከበውን ነጠላ ጫፉን እየቋጩ ባላቸውን ያግዙ ነበር። ወይዘሮ አፀደ ለወላጆቻቸው የመጀመሪያም የመጨረሻም ልጅ ስለነበሩ፣ በሰማንያ ቀናቸው ክርስትና ሲነሡ የሽሮ ሜዳ ነጋዴ ሁሉ ሱቁን ዘግቶ ነበር የመጣው።

ሕመማቸው የጀመረው ገና ጥርስ ሲያወጡ ነው። ብርቱ ትኩሳት ያዛቸውና በእናታቸው እቅፍ እንዳሉ ዓይናቸው ወደ ላይ ተሰቅሎ ሰውነታቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ትኩሳቱ ሲበርድ ቢተዋቸውም ከዚያ ወዲህ ትኩሳት ሳይኖርም ይጥላቸው ነበር። በሰፈራችን ለዚህ ነገር የሚታወቀው መድኃኒት ክብሪት ነው። ሰው ሲወድቅ ክብሪት ጭሮ ጭሱን ማስሸተት፣ በእጁ ቁልፍ ማስጨበጥ፣ ከዚያም ለሀጩ እንዳይነካን ብሎ ራቅ ብሎ ቆሞ ማየት። ብዙዎቻችሁ ከወይዘሮ አፀደ አፍንጫ በታች የነበረችውን ትንሽ ምልክት ታስታውሳላችሁ፤ ማርያም የሳመቻቸው ናት ብላችሁ ታደንቁላቸው ነበር። ማርያም አልነበረችም። የሁለት ዓመት ልጅ ሳሉ አንዲት ጎረቤት አጥብቀው ያስጠጉት ክብሪት ነው። እሳቸው ግን ያቺን ሴትዮ ላለማሳፈር ሲሉ ዕድሜያቸውን ሙሉ ማርያም ናት ሲሉ ኖሩ፤ እኔ ዛሬ የምናገረው ሴትዮዋም ስላረፉ፣ እሳቸውም ስላረፉ ነው።

እናታቸው ወይዘሮ የሻሽወርቅ ጸበልም ሐኪም ቤትም ወስደዋቸዋል። አንዳንድ ሰዎች መድኃኒቱን ካልተዉ ጸበሉ አይሠራም ብለው ሲያስጨንቋቸው፣ የነፍስ አባታቸው ሰምተው፣ «ጸበሉንም ታጠጪያታለሽ፣ ኪኒኑንም ታስውጫታለሽ፤ የሁለቱም ባለቤት አንድ ነው፤ ሌላ የሚልሽን እኔ ጋ ላኪው» አሏቸው። እኒያን አባት ነፍሳቸውን ይማርልን፤ በዚያ ዘመን እንዲህ የተናገሩልን እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ቀጨኔ ውስጥ በሚገኝ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገቡ። በመጀመሪያው ዓመት በሰልፍ ላይ ወደቁ፤ አንድ ዘበኛ ክብሪት ጫረ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስማቸው «ክብሪት» ሆነ። ቁልቁለቱን ሲወርዱ ልጆች ከኋላቸው እየተከተሉ «ክብሪት መጣች! ጫሯት!» ይሉ ነበር። ወይዘሮ አፀደ የሚያለቅሱ ልጅ አልነበሩም፤ ዞር ብለው «ክብሪት ከሆንኩ ምን ልታደርጉ ትጠጉኛላችሁ? ሂዱ፣ ጆሯችሁን አነድላችኋለሁ!» ብለው ይመልሱ ነበር። ሳቅን እናውቃለን፤ ይህን ስትሰሙ አሁንም የሳቃችሁ አላችሁ፤ እኔም ስጽፈው ስቄአለሁ። ነገር ግን አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት እስከ ቤቷ እንዲህ እየተባለች ስትመላለስ በየደጃፉ የተቀመጠው ትልቅ ሰው ሁሉ ምን ይሠራ ነበር? አንድም «ተዉ» ያለ አልነበረም።

ሁለተኛ ደረጃን በዊንጌት አካባቢ በጥሩ ውጤት ጨርሰው፣ ዩኒቨርሲቲ ገብተው በሥነ ሕይወት ትምህርት በ1995 ዓ.ም. በመጀመሪያ ዲግሪ ተመረቁ። በዚያው ዓመት መምህርት ሆነው ተቀጠሩ። ትምህርት ቤቱን ስሙን አልጠራውም፤ ዛሬ ያሉት ኃላፊዎች ያን ጊዜ አልነበሩምና። በሁለተኛው ዓመት በክፍል ውስጥ ወደቁ። ሲነቁ ተማሪዎቹ በር ላይ ተፋፍገው፣ ጠመኔው ወለሉ ላይ ተሰባብሮ፣ እሳቸው ብቻቸውን ነበሩ። በማግሥቱ ወላጆች መጥተው፣ «ልጆቻችን ላይ ቢጋባስ?» ብለው አመለከቱ፤ ርእሰ መምህሩም ነገሩ እንደማይጋባ እያወቁ፣ «ለእርስዎም ዕረፍት ይሆንዎታል» በሚል አማርኛ ከክፍል አንሥተው የመጻሕፍት ግምጃ ቤት ጠባቂ አደረጓቸው። ዕረፍት! ለማስተማር የተማረን ሰው አቧራ ላይ ማስቀመጥ ዕረፍት ተባለ። ወይዘሮ አፀደ ከሐኪም ማስረጃ እያመጡ፣ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው እየወጡና እየወረዱ፣ ከብዙ ሙግት በኋላ ክፍላቸውን አስመለሱ። የተመለሱ ቀን የመጀመሪያ ሥራቸው ለተማሪዎቻቸው፣ «መምህርታችሁ ሊጥላት ይችላል፤ ሲጥላት የምታደርጉትን ዛሬ እንማራለን» ማለት ነበር።

በ2000 ዓ.ም. ከአቶ ቶለሳ ጋር ተጋቡ። አቶ ቶለሳ ዊንጌት አጠገብ ጎሚስታ ያላቸው ሰው ናቸው፤ አብዛኞቻችሁ ጎማችሁን ያስጠገናችሁት እሳቸው ጋ ነው። ሽማግሌ ልከው ነገሩ በሰላም እየሄደ ሳለ፣ ወይዘሮ አፀደ ራሳቸው ወደ ሳሎን ገብተው በሽማግሌዎቹ ፊት፣ «አባቶቼ፣ እኔ የሚጥል በሽታ አለብኝ፤ ኋላ አልሰማንም እንዳትሉ» አሉ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ «እንዲህ ከሆነማ ልጄ፣ እስቲ ሄደን እንማከርበት» ብለው ወጡ፤ ሌሎቹም ተከተሉ፤ ሲማከሩ ከርመው አልተመለሱም። አቶ ቶለሳ ግን የሥራ ቱታቸውን እንደለበሱ ብቻቸውን መጥተው ለወንድሜ ለአቶ ዓምሃ፣ «ሽማግሌዎቹ ምክራቸውን አልጨረሱም፤ እኔ ጨርሻለሁ» አሏቸው። ወንድሜም፣ «በል እጅህን ታጠብና ምሳ ብላ» አለው። ትዳሩ እንዲህ ጸና።

እግዚአብሔርም ሁለት ልጆች ሰጣቸው። ትልቋ ናዝሬት ናት፤ ታናሹ ኖህ ነው። ናዝሬት ገና ሳትራመድ በትኩሳት አንቀጠቀጣት። ወይዘሮ አፀደ ያን ዕለት ያለቀሱትን ያህል በሌላ ቀን ሲያለቅሱ አላየሁም። «የእኔን አውቀዋለሁ ጋሼ፣ ችዬዋለሁ፤ የእሷን ከየት አባቴ ልቻለው?» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ነው፣ ለሁለተኛ ዲግሪ ዩኒቨርሲቲ ተመልሰው ይህ ነገር ከመነሻው እንዴት እንደሚሠራ ለማጥናት የቆረጡት።

ያጠኑት ኢንተርኒውሮን ስለሚባሉት የነርቭ ሕዋሳት አፈጣጠር ነው። ለእኔ ሲያስረዱኝ፣ «ጋሼ፣ እስቲ ክንድዎን ያጥፉ» አሉኝ፤ አጠፍሁ። «ይኸውልዎ፣ ከፊት ያለው ጡንቻ ሲሳብ ከኋላ ያለው መላላት አለበት፤ ሁለቱም እኩል ቢሳቡ ክንድዎ ግትር ብሎ ይቀር ነበር። የኋለኛውን አንተ ላላ በል የሚለው በመካከል የተቀመጠ ትንሽ ሕዋስ ነው» አሉኝ። እነዚህን ሕዋሳት ገላጋይ ነርቮች ብለው ይጠሯቸው ነበር፤ ሁሉም ገላጋይ እንዳልሆኑ፣ ከመካከላቸው የሚያነሣሣም እንዳለ አስጠንቅቀውኛልና እንዳልዋሽባቸው ይህንንም ጽፌዋለሁ። በአንጎላችን ውስጥ «ተነሥ፣ ተናገር፣ ሂድ» የሚሉ ነርቮች እጅግ ብዙ ናቸው፤ «ቆይ፣ ተራህን ጠብቅ» የሚሉት ገላጋዮች ቁጥራቸው ያነሰ ነው፤ ነገር ግን እነሱ ባይኖሩ ሁሉም ባንድ ጊዜ ይጮኽና አንዱም አይሰማም።

እነዚህ ሕዋሳት እንዴት እንደሚፈጠሩ ለማየት ወይዘሮ አፀደ የዶሮ እንቁላል ይጠቀሙ ነበር። ጫጩቱ ገና ጫጩት ሳይመስል፣ ኅብለ ሰረሰሩ ቀጭን ቱቦ ብቻ ነው። ከቱቦው ወለል በኩል አንድ ዓይነት መልእክት ይፈልቃል፤ ከጣራው በኩል ሌላ፤ በመካከል ያለው እያንዳንዱ ሕዋስ የቱ ምን ያህል እንደደረሰው ይለካና በዚያው መጠን አንዳንዱ ዘረመል ይከፈትለታል፣ ሌላው ይዘጋበታል። ሲጀመር ሁሉም አንድ ዓይነት ይመስሉ የነበሩት፣ ለወለሉ ቀረብ ያለው ጡንቻ የሚያዝ ነርቭ፣ ከእሱ ከፍ ያለው ኢንተርኒውሮን፣ ከዚያም ከፍ ያለው የተለየ ኢንተርኒውሮን ሆነው ይለያያሉ። በአንጎል ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይደንቃል፤ ገላጋዮቹ የሚወለዱት በሚሠሩበት ቦታ አይደለም። ከፊት አንጎል ታችኛው ክፍል ተወልደው፣ ረጅም መንገድ ተጉዘው፣ ከሌላ ቦታ በመጡ ጎረቤቶች መካከል ገብተው ይቀመጣሉ። «ሸማኔ ከጋሞ ተነሥቶ ሽሮ ሜዳ እንደሚገባው ነው» ይሉ ነበር፤ ከአገሩ ይዞት የመጣ ሙያ አለ፤ የቀረውን ደግሞ አጠገቡ ከተቀመጠው ይለምዳል። አንዱ የጎረቤቱን ነርቭ አካል ከብቦ ይይዛል፤ ሌላው ከቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ያርፋል፤ ሌላው ቃሉ ከሚወጣበት በር ላይ ይቆማል፤ ሥራ ያላገኘው ይሞታል፤ ይህም በጤነኛ ሕፃን ሁሉ የሚሆን ነገር ነው።

ታዲያ በዚህ ረጅም ሥራ ውስጥ አንድ ነገር ቢጎድል፣ ገላጋዮቹ ቢያንሱ፣ ወይም መንገድ ላይ ቢቀሩ፣ ወይም ደርሰው ድምፃቸው ቢደክም፣ አንጎል አልፎ አልፎ ገላጋይ ያጣና ሁሉም ባንድ ላይ ይጮኻል። ሰው የሚወድቀው ያን ጊዜ ነው። ሌላም ብዙ ምክንያት እንዳለው፣ በእሳቸውና በናዝሬት የደረሰው የትኛው እንደሆነ ሐኪሞችም አረጋግጠው እንዳልነገሯቸው ደጋግመው ተናግረዋል፤ ያልተረጋገጠ ነገር በእሳቸው ስም እንዳልናገር ይህንን ከሁሉ በፊት ያሳረምሁት ነው። የተረጋገጠው ግን ይበቃል። ሰው ገና በእናቱ ማኅፀን ሳለ፣ ክፉም ደግም ሳይሠራ፣ በአንድ ጭንቅላት ውስጥ የሚሆነውን ነገር ነው እኛ ሰፈሩ ሁሉ የሰው ዓይን ነው፣ የአባት እርግማን ነው፣ እናቷ ውኃ ስትወርድ የያዛት ነው እያልን ስንተረጉም የኖርነው!

ስለ እንቁላሉም የተባለውን ሳልናገር አላልፍም። ለጥናቱ የሚሆነው ከአውራ ጋር ከዋለች ዶሮ የተገኘ እንቁላል ብቻ በመሆኑ፣ ወይዘሮ አፀደ ከሱቅ መግዛት ትተው ዶሮ ከሚያረቡ ቤቶች እየዞሩ፣ «አውራ አላችሁ?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። ሁዳዴም ሲገባ ጥናቱ አልቆመምና፣ በጾም እንቁላል በቅርጫት ይዘው ሲሄዱ ሰው አየ። መጀመሪያ «ጾም ትገድፋለች» ተባለ። ቀጥሎ፣ የእንቁላል ዓይነት መርጦ የሚያዝ ጠንቋይ ነው እንጂ ሌላ ማን ነው ተባለ። አንድ ቀን በዩኒቨርሲቲው መብራት ጠፍቶ እንቁላሎቹ እንዳይበርዱ በጋቢ ጠቅልለው በታክሲ ወደ ቤት አምጥተው፣ ከሰል አያይዘው ታቅፈዋቸው ሲቀመጡ፣ አቶ ቶለሳ በሩን ከፍተው አይተው፣ «እንግዲህ አንቺ ከታቀፍሽ እኔ ጣራ ላይ ወጥቼ ልጩህ?» ብለው ቤቱን በሳቅ ሞሉት። ጎረቤት ግን በመስኮት አይቶ አልሳቀም። በዚያው ሰሞን በመታጠፊያው ላይ የእንቁላል ቅርፊት ወድቆ ተገኘ፤ ማንም ሰው ከቤቱ የጣለው ሊሆን ይችላል። የአንድ ሰው ልጅ በጉንፋን ሲተኛ፣ «አፀደ በሽታዋን በእንቁላል አውጥታ መንገድ ላይ ጥላው ነው» ተባለ። የሰው ልጅ ከምን እንደሚሠራ በአጉሊ መነጽር ሲያዩ የሰነበቱትን ሴት፣ መንገድ ላይ መተት የሚጥሉ አደረግናቸው! ልጆቻችሁን በክፍል ያስተማሩት እኒሁ ነበሩ። ያን ወሬ ያወራችሁ እዚህ አላችሁ፤ ስም አልጠራም፤ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

ወይዘሮ አፀደ በ2011 ዓ.ም. ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ተቀብለው ወደ መምህርነታቸው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ የቀረ ጉልበታቸውን ያዋሉት የወደቀ ሰው እንዴት እንደሚረዳ በማስተማር ነው። ነገሩ ቀላል ነው። ክብሪት አይጫርም። በአፍ ምንም አይገባም፤ ውኃም፣ ማንኪያም፣ ጣትም። በግድ አይያዝም። በጎን ይጋደማል፤ ከራሱ ሥር ለስለስ ያለ ነገር ይደረጋል፤ እስኪነቃ አጠገቡ ይቆያል፤ ካልተወው ወይም ከደጋገመው ሐኪም ቤት ይወሰዳል። ይኸው ነው። ይህን ለዕድራችን እንዲያስተምሩ በወርኃዊው ስብሰባ ላይ ጊዜ ለምነው፣ «የዛሬው ስብሰባ ስለ ድንኳኑና ስለ ወንበሩ ነው» ተብለው ተመለሱ፤ በሚቀጥለውም ወር እንዲሁ፤ ከዚያ ወዲያ በየወሩ ከደጅ ደጅ እየዞሩ ይነግሩን ጀመር። ድንኳኑ ተጠግኗል፤ ይኸው ከሥሩ ተቀምጠናል።

የሰሟቸውም አልጠፉም። ሽሮ ሜዳ ከሟቹ ወንድሜ ከአቶ ዓምሃ ሱቅ አጠገብ ነጠላ የሚሸጡት ወይዘሮ ሙኒያ ከመጀመሪያው ቀን ተምረዋል። ወይዘሮ አፀደ አንድ ቅዳሜ በገበያው መካከል ሲወድቁ ወይዘሮ ሙኒያ ሱቃቸውን ጥለው ሮጠው፣ በጎናቸው አጋድመው፣ ለሽያጭ የተዘረጋውን አዲስ ነጠላ አጣጥፈው ከራሳቸው ሥር አደረጉላቸው፤ አንድ ሰውዬ ክብሪት ይዞ ሲጠጋ፣ «ክብሪትህን ለሲጋራህ! ወግድ ከዚህ፣ አየር አታሳጣት!» ብለው ገፍትረው አባረሩት። ወይዘሮ አፀደ ሲነቁ መጀመሪያ ያዩት ነጠላውን ነበር፤ «ሙኒያ፣ ይኼ እኮ የሠርግ ነው!» አሏቸው። «አንቺ ተነሽ እንጂ ሌላ ሙሽራ አይጠፋም» ብለው መለሱላቸው። እግዚአብሔር ይስጥልን፤ በገበያው መካከል ከወገን ቀድመው የደረሱት እሳቸው ናቸው።

አሁን ወደ ዕረፍታቸው እመጣለሁ። ባለፈው ረቡዕ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ፣ ዊንጌት በታክሲ ሰልፍ ላይ እንደቆሙ ወደቁ። በዚያ ሰልፍ ላይ ከነበሩት ብዙዎቹ የሰፈራችን ሰዎች ናቸው፤ እያንዳንዳቸውን ጠይቄ፣ ከተናገሩት ሁሉም የተስማሙበትን ብቻ ነው የማነበው። «አትንኳት! ለሀጯ እንዳይነካችሁ!» ተባለ። ክብሪት ተጫረ። ቁልፍ በእጃቸው ተደረገ። በጀርባቸው እንደተንጋለሉ፣ ጥርሳቸውን በብረት ፈልቅቆ ውኃ የጨመረ ሰው ነበረ። በክፋት አልነበረም፤ ሰውየው ዛሬም ድረስ አልተኛም ይባላል፤ ስለዚህ አልረግመውም። የናዝሬት አባት አቶ ቶለሳ ጎሚስታቸው ከዚያ ጥቂት ራቅ ብሎ ነው፤ ጩኸቱን ሰምተው በሩጫ ሲደርሱ በጎናቸው ገለበጧቸው፤ ነገር ግን ትንፋሻቸው ከታፈነ ቆይቶ ነበር። በመኪና ሐኪም ቤት አደረሷቸው፤ ሐኪሙም የገደላቸው መውደቃቸው ሳይሆን ትንፋሻቸው መዘጋቱ መሆኑን ነገረን። አርባ አምስት ዓመት ያልገደላቸውን በሽታ፣ ባለማወቃችን አገዝነው። ሳይነገረን ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ባዝን እንጂ አልቆጣም ነበር። ተነግሮናል! በየወሩ በራችንን እያንኳኩ ነግረውናል!

ይህን ዜና ሕይወት ስጽፍ የመከሩኝ ሰዎች ነበሩ። ለቤተሰቡ ተቆርቁረው እንደሆነ አልጠራጠርም። እንደ ልማዳችን «ባደረባቸው ድንገተኛ ሕመም» ብለህ እለፈው፤ ልጅቷ ነገ የምታገባ ናት፤ በአደባባይ አታውጣባት አሉኝ። እኔም ቃሉን ጽፌው ነበር፤ ከዚያ ቁጭ ብዬ አየሁት። «ያደረባቸው» ማለት ምን ማለት ነው? እንግዳ መጥቶ ያድራል፤ በሰው ላይም ሰይጣን አደረበት ይባላል። ይኸው ቃል አይደለም ወይ ወይዘሮ አፀደን በልጅነታቸው በክብሪት ያቃጠላቸው? ይኸው ቃል አይደለም ወይ በዊንጌት ሰልፍ ላይ እጃችንን የሰበሰበው? ምንም አላደረባቸውም። የመጣባቸው እንግዳ አልነበረም፤ የገባባቸውም ባዕድ አልነበረም፤ አንጎላቸው ሲሠራ አብሮ የተሠራ፣ ከደማቸውና ከአጥንታቸው ጋር የተወለደ የራሳቸው ነገር ነው። ስለዚህ በእሳቸው ዜና ሕይወት ይህን ቃል ሰርዤዋለሁ። ወይዘሮ አፀደ ዓምሃ የሚጥል በሽታ ነበረባቸው። ልጃቸው ናዝሬትም አለባት።

ይህን ያነበብሁት ሳላስፈቅድ አይደለም። ልጅ ናትና ከአባቷ ቀጥሎ ራሷን ጠይቄ፣ ከፈለገች እንደምተወው ነግሬአት ነበር። «አባባ፣ ስወድቅ የሚያዩኝ እኮ እነሱ ናቸው» አለችኝ፤ «ታዲያ ከማን ነው የምንደብቀው? ይልቅ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ንገራቸው፤ እማዬን አልሰሟትም፣ አንተን ሽማግሌ ስለሆንክ ይፈሩህ ይሆናል።» እኔ ሰው የምፈራ እንጂ ሰው የሚፈራኝ ሆኜ አላውቅም፤ ቢሆንም ቃሏን አድርሻለሁ። የሰውን ልጅ ከሕዋሱ ጀምረው ያጠኑ እናት ያሳደጓት ልጅ ናት። ከነገ ወዲያ ትምህርት ቤት ትመለሳለች፤ በዚያው ቁልቁለት ትሄዳለች፤ በዚያው በዊንጌት ሰልፍ ላይ ትቆማለች።

ወይዘሮ አፀደ በሕይወት ሳሉ ትሑትና ተጫዋች፣ በሥራቸው ትጉህ፣ በተማሪዎቻቸው ዘንድ የተከበሩ፣ ቤተ ክርስቲያንን የሚሳለሙና ጾማቸውን የሚጾሙ እናት ነበሩ፤ የመጨረሻውን የምለው ሁዳዴ ላይ ያን ላወሩ ሰዎች ነው። የቀብር ሥነ ሥርዓታቸው ቤተ ዘመድ፣ ወዳጅና ጎረቤት በተገኘበት ዛሬ በቀጨኔ መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል። እዚህ ድረስ የመጣችሁትን፣ ድንኳን የተከላችሁትን፣ ሌሊቱን አብራችሁን ያደራችሁትን ሁሉ ቤተሰቡ ያመሰግናል፤ ቁጣዬ ምስጋናዬን አላጠፋውም።

ከኋላቸው የቀሩት ባለቤታቸው አቶ ቶለሳ፣ እናታቸው ወይዘሮ የሻሽወርቅ፣ ልጆቻቸው ናዝሬትና ኖህ፣ እኔ አጎታቸው፣ እንደ እኅት የሆኗቸው ወይዘሮ ሙኒያ፣ ያስተማሯቸው ብዙ ተማሪዎችና መላው የጉለሌ ጎረቤት ናቸው። ናዝሬት ከአባቷ በስተቀኝ ቆማለች። ስትሰናበቱ በሩቁ ራሳችሁን ነቅንቃችሁ አትለፏት፤ እጇን ጨብጡ፣ ሳሟት። አይጋባም።

የሰማይና የምድር ፈጣሪ፣ ሰውን በእናቱ ማኅፀን በስውር የሚሠራ አምላክ፣ የወይዘሮ አፀደን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ ለባለቤታቸው፣ ለእናታቸውና ለልጆቻቸው ብርታቱን ይስጥልን። እሳቸው ከሕመማቸው አርፈዋል፤ ከእንግዲህ ፈውስ የምንለምነው ለእኛ ነው። የወደቀ ሰው ስናይ ከመሸሽ ይፈውሰን፤ ልጃቸውን የሚያጋድም እጅ ይስጠን። አሜን።